ስም ሲጠራ ፊታችን ለምን ይለወጣል? ቅድመ ፍርድን በቡድሂስት ሜዲቴሽን ለማረም ዝርዝር መመሪያ

ለአንድ ብሔር፣ እምነት ወይም ሙያ ያለንን ንቀት አብዛኛውን ጊዜ የምንታገለው በክርክር ነው። እናነባለን፣ እንወያያለን፣ "ሰው በሰውነቱ እኩል ነው" እንላለን፤ ስንልም ከልባችን ነው። ከዚያ አዲስ የተዋወቅነው ሰው ስሙን ከነአባቱ ሲነግረን ፈገግታችን ትንሽ ይቀዘቅዛል። ሐሳባችን አልተለወጠም፤ ፊታችን ግን ቀድሞ ፈርዷል።

የቡድሃ ትምህርት እዚህ ላይ የሚጠቅመን "ሁሉን ውደዱ" ስለሚል አይደለም። እሱንማ በየቤተ እምነታችን ስንሰማው ነው ያደግነው። ጥቅሙ ስሙ ከተሰማበት እስከ ፊት መቀዝቀዝ ባለችው ቅጽበት ውስጥ ምን እንደሚከናወን ደረጃ በደረጃ መግለጹ፣ እዚያው ቅጽበት ላይ የሚያርፍ ልምምድም ማዘጋጀቱ ነው። ለመለማመድ ሃይማኖት መቀየር አያስፈልግም። ትንፋሽን መከታተልና የራስን ስሜት መመርመር የእምነት ቃል አያስገባም፤ ጸሎት ያለው ሰው ጸሎቱን አድርሶ ሊቀመጥ ይችላል።

በቅጽበቷ ውስጥ ያለው ነገር

በፓሊ ቋንቋ ተጠብቀው የቆዩት ጥንታዊ የቡድሂዝም ድርሳናት እንደሚሉት ዓይን ሲያይ ወይም ጆሮ ሲሰማ አብሮ አንድ ስሜት ይነሳል፦ ደስ የሚያሰኝ፣ ደስ የማያሰኝ፣ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ። ይህ ቬዳና ይባላል። ፍቅርም ጥላቻም አይደለም፤ ከሁለቱም የሚቀድም ጥሬ ስሜት ነው። ቀጥሎ ሳኛ ይመጣል፤ "ይሄ እንትን ነው" ብሎ የሚለይ፣ ስም የሚለጥፍ የአእምሮ ሥራ። በተለጠፈው ስም ላይ ሐሳብ ይነሳል፤ ሐሳቡ ሌላ ሐሳብ እየወለደ ይባዛል። መባዛቱን ፓፓንቻ ይሉታል። "እነሱ እኮ..." ብሎ የሚጀምር ወሬ ሁሉ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ነው።

ክርክር የሚያገኘን ፓፓንቻ ላይ ስንደርስ ነው። ያኔ ፍርዱ አልቋል፤ አእምሯችን ለተፈረደው ፍርድ ማስረጃ ይለቅማል። ስለዚህ ሥራው ወደ ቬዳና መውረድ ነው።

ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ፓትሪሻ ዲቫይን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጥናት፣ ጥላቻ የሌላቸው ሰዎች አእምሮ ውስጥም ከማኅበረሰቡ የተቀዳው ፍረጃ በራሱ ጊዜ እንደሚነሳ አሳይታለች። ሰዎቹን ከሌላው የሚለያቸው ከዚያ በኋላ የሚያደርጉት ነው። ይህን ካልያዛችሁ ወደ ውስጥ መመልከት ስትጀምሩ የምታዩት ያስደነግጣችሁና ታቋርጣላችሁ። የመጀመሪያዋ ብልጭታ ስታድጉ የተሰጠቻችሁ ናት፤ የምትጠየቁት ከእሷ ቀጥሎ ባለው ነው።

1. አንድ ወገን ብቻ ምረጡ

"ያለብኝን ጭፍን አመለካከት ሁሉ አስወግዳለሁ" ብሎ መነሳት የትም አያደርስም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ላይ ነጭ ተሳታፊዎች ለአንድ ጥቁር ሰው በጎ እየተመኙ ለ7 ደቂቃ ያህል ሜዲቴሽን አደረጉ። በጥቁሮች ላይ የነበራቸው ሳይታወቃቸው የሚሠራ አድልዎ ቀነሰ፤ በእስያውያን ላይ የነበራቸው ግን አልተነካም። በጎ ስሜት በአጠቃላይ አይሠራም፤ አድራሻ ይፈልጋል።

ወረቀት ያዙ። በጅምላ የምታስቧቸውን ሰዎች ዘርዝሩ፦ ብሔር፣ እምነት፣ ሙያ፣ የገጠር ሰው፣ የከተማ ልጅ፣ ስደተኛ፣ ሀብታም። ከየስማቸው አጠገብ መጀመሪያ ወደ አፋችሁ የመጣውን ዓረፍተ ነገር ሳታሳምሩ ጻፉት። ከአያት የተሰማ ተረት ከሆነም ይጻፍ። ማንም አያየውም፤ መርጣችሁ ስትጨርሱ ቅደዱት።

ከዝርዝሩ መካከለኛውን ውሰዱ። የቀለለው አያስተምርም፤ የከበደው በመጀመሪያው ሳምንት ያስመርራል። ከዚያ ወገን የሆነ ሰው ዘመዳችሁን ገድሎ ወይም ከቀያችሁ አፈናቅሏችሁ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያ ቁስል ነው። ለብቻ ዓይን ጨፍኖ እሱን መጥራት ሊያባብሰው ስለሚችል በዚህ መመሪያ አትጀምሩት፤ መጀመሪያ ባለሙያ ወይም የምታምኑት ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

እኔ እዚህ ምሳሌ የማደርገው በእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ላይ ያለውን ንቀት ነው፤ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በፋቂው ላይ። ዛሬ በስብሰባ ላይ ተነስቶ የሚሟገትለት ሰው የለም። ሽማግሌ ሲላክና "ዘራቸው ይጠና" ሲባል ግን ብቅ ይላል፤ ዓይናቸው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለው ወሬም አብሮ ይመጣል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በጎንደርና በአካባቢው በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ይህንኑ ስም ተሸክመው ኖረዋል፤ ዛሬ እስራኤል ያሉ አረጋውያን ያስታውሱታል።

2. መቀመጥ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ወንበር ላይ ወይም በርጩማ ላይ ወገብን ቀና አድርጎ መቀመጥ ይበቃል፤ እግር ማጣጠፍ ግዴታ አይደለም። ለ10 ደቂቃ ትንፋሻችሁ አፍንጫችሁ ላይ ወይም ሆዳችሁ ላይ ሲገባና ሲወጣ ተከታተሉት። ሐሳብ ይወስዳችኋል፤ መወሰዳችሁን ስታውቁ ተመለሱ። ሳትቆጡ መመለሱ ራሱ ልምምዱ ነው። አንድ ሳምንት ይህን ብቻ አድርጉ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ቢሆን ይሻላል፤ መብራት የሄደበት ምሽትም ለዚህ አይከፋም።

3. ቬዳናን እጅ ከፍንጅ መያዝ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ትንፋሻችሁ ከረጋ በኋላ ከመረጣችሁት ወገን ጋር የተገናኛችሁበትን አንድ እውነተኛ ሁኔታ አስታውሱ። ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር ይሻላል።

ለምሳሌ ቅዳሜ ገበያ ጀበና ልትገዙ ከሸክላ ሠሪዋ ፊት ቁጢጥ ብላችኋል። አንዱን አንስታችሁ በጣታችሁ አንኳኩታችሁታል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ አልተሰነጠቀም። ዋጋውን ተስማምታችኋል። ሴትዮዋ ብር ልትመልስ ከመቀነቷ እየፈታች በሌላው እጇ ከምትቆረጥመው ቆሎ ዘግና "ቅመስ እስቲ ልጄ" ትላለች። እጃችሁ ይዘገያል። ግማሽ ሰከንድ ብትሆን ነው። ከዚያ "ጾም ላይ ነኝ" ወይም "በልቼ ነው የመጣሁት" ትላላችሁ።

ትዝታውን እዚህ ላይ አቁሙት። ስለ ሴትዮዋ አታስቡ፣ ስለ ራሳችሁም ጥሩነትና ክፋት አታስቡ። ወደ ሰውነታችሁ ሂዱ። ሆዳችሁ ተኮማትሯል? መንጋጋችሁ ጠብቋል? ትከሻችሁ ወደ ኋላ ሄዷል? ጉሮሮ ላይ የምትተናነቅ ነገር አለች? ስሜቱን ስታገኙት በልባችሁ "ደስ የማያሰኝ" በሉት፤ ሌላ ስም አትስጡት። "ንቀት" ካላችሁት ፍርድ ጨመራችሁበት፤ "ፍርሃት" ካላችሁትም እንደዚያው።

ከዚያ ለጥቂት ትንፋሽ አብራችሁት ቆዩ። ከፍ ይላል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ይሟሟል። አንዳንዴ ወደ እፍረት ይለወጣል፤ እፍረቱም ያው ደስ የማያሰኝ ስሜት ነው፣ እንዲሁ ያዙት። ሰዎች እዚህ ጋ የሚጠብቁት ስሜቱ እንዲጠፋ ነው። አይጠፋም፤ መጥፋትም የለበትም። የምትማሩት ስሜቱ ኖሮ እጅ መዘርጋት እንደሚቻል ነው።

ስሜቱን መጨፍለቅ የሚቀናችሁ ካላችሁ ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ፀጉሩን የተላጨ፣ በጠበኛነትና በዘረኝነት ከሚፈረጁት "ስኪንሄድ" ከሚባሉት ወገን የሆነ ወጣት ፎቶ አሳይተው ስለ ውሎው እንዲጽፉ አደረጉ፤ ግማሾቹን "ፍረጃ እንዳታስገቡ" አሏቸው። የታዘዙት በጽሑፋቸው ውስጥ ፍረጃውን ቀነሱ። ከዚያ ወጣቱ ዕቃውን አስቀምጦ የወጣበት ወንበር ወዳለበት ክፍል ሲገቡ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ቃሉን አፍነውት በእግራቸው ወጣ።

ይህን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ተቀምጣችሁ ከሠራችሁ በኋላ ወደ ውጭ አውጡት። ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው አጠገባችሁ ሲቀመጥ ቦርሳችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ ትይዛላችሁ፤ ለሌላው ግን አታደርጉትም። ቢሮ ውስጥ የአንዱን ንግግር በዘዬው ምክንያት በግማሽ ጆሮ ትሰማላችሁ። በዚያች ሰዓት የሚፈለገው አንድ ትንፋሽና አንድ ቃል ነው፦ "ደስ የማያሰኝ"። ማንም አያውቅባችሁም።

4. ያየሁት እና የጨመርኩት

ማስታወሻ ደብተር ገጽ ላይ መሐል ለመሐል መስመር አስምሩ። በአንዱ ወገን ዓይናችሁ ያየውን ወይም ጆሯችሁ የሰማውን ብቻ ጻፉ፤ በሌላው አእምሯችሁ የጨመረውን። "ቆሎ ዘረጋችልኝ" በቀኝ፤ "ከእነሱ እጅ የበላ ይታመማል ይሉ ነበር" በግራ። "ትክ ብላ አየችኝ" የት ይግባ? ብዙ ሰው ካየሁት ውስጥ ይጽፈዋል። ደግማችሁ አስቡት፤ ሻጭ ገዢዋን ካላየች ማንን ታያለች? "ትክ ብላ" የሚለው የራሳችን ጭማሪ ነው።

የግራው ገጽ ሲሞላ አንድ ነገር ይገባችኋል፦ ከተጻፈው አብዛኛው የሰማችሁት እንጂ የደረሰባችሁ አይደለም። ከየእያንዳንዱ አጠገብ ማን እንደነገራችሁ ጻፉ። አክስት፣ ሞግዚት፣ የሰፈር ልጅ፣ ቲክቶክ። ምንጩ ሲታወቅ ወሬው ይሳሳል።

5. ንቀቱ ምን ይሰጠኛል?

በቡድሂዝም ሥነ ልቦና ውስጥ ማና የሚባል የአእምሮ እድፍ አለ፤ ራስን ከሌላው ጋር የመመዘን ልማድ ነው። ሦስት መልክ አለው፦ እበልጣለሁ፣ እኩል ነኝ፣ አንሳለሁ። "እኩል ነኝ" ከእድፍ መቆጠሩ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ እኩልነቱን ለማወጅም ሚዛኑ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ የሚያዳክመን ደግሞ ሚዛኑ ራሱ ነው። የሸክላ ሠሪዋን ዘር የሚቆጥር ሰው በሌላ ቀን የእሱ ዘር ሲቆጠር የሚያመው ለዚህ ነው።

ስትቀመጡ ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ ዝም በሉ፦ "ይህ ንቀት ነገ ቢወሰድብኝ ምን አጣለሁ?" መልሱን አትፈልጉት፤ ይምጣ። አንዳንዱ ሰው የሚያገኘው "ከቤተሰቤ ጋር የማወራው አንድ ርዕስ ይጠፋል" የሚል ነው። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ከሀብትም ከሥልጣንም ምንም በሌለበት ቤት ውስጥ "ንጹሕ ዘር" ብቸኛው ውርስ ሆኖ ይገኛል። ያ ሲታይ ለራስም ማዘን ይመጣል፤ ይምጣ።

ስለ ማና ከሚነገሩት ሁሉ የምወደው የኡፓሊን ታሪክ ነው። የቡድሃ የትውልድ ወገን የሆኑት የሣክያ መሳፍንት ልጆች ሊመነኩሱ ወደ ቡድሃ ሲሄዱ ፀጉር አስተካካያቸው ኡፓሊ አብሯቸው ነበር። መሳፍንቱ ራሳቸው "እኛ ኩሩዎች ነን፤ እሱ ይቅደም" ብለው ለመኑ። በገዳሙ ሥርዓት ቀድሞ የመነኮሰ ይከበራልና ከዚያ ቀን ጀምሮ ለትናንት አገልጋያቸው ተነስተው እጅ መንሳት ግዴታቸው ሆነ። ኡፓሊ በኋላ የገዳሙን ሕግ በቃሉ የሚያደርስ ሊቅ ሆነ። መሳፍንቱ ስለ እኩልነት አልተወያዩም፤ ኩራታቸውን በየቀኑ የሚያጎነብስ ሥርዓት ገቡበት። በሕንድ ከመነካት እንኳ ተከልክሎ ከኖረው የዳሊት ወገን የተወለደው የሕግ ሰው አምቤድካር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1956 በናግፑር ከተማ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂዝምን ሲቀበል ይህ ትምህርት ሰው በትውልዱ አይናቅም ማለቱን ነበር የያዘው።

6. ሜታ፦ ምርቃት በቅደም ተከተል

ሜታ ለሰው በጎ የመመኘት ሜዲቴሽን ነው። ምርቃት በሚወድ ሕዝብ ዘንድ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ እኛ የምንመርቀው ደስ ያሰኘንን መሆኑ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን በስሪላንካ የነበረው ሊቅ ቡድሃጎሳ ቅደም ተከተሉን ጽፎታል፦ መጀመሪያ ራስ፣ ቀጥሎ የሚከበር ሰው፣ የሚወደድ ወዳጅ፣ ከዚያ ክፉም ደግም ስሜት የማይሰጥ ሰው፣ በመጨረሻ የሚያስቸግር ሰው። ለሞተ ሰው ግን ጭራሽ አታድርጉት ብሎም ያስጠነቅቃል።

ቃላቱን በራሳችሁ አፍ አድርጓቸው። "ጤና ይስጥህ። ከሥጋት ያሳርፍህ። ቤትህ ሰላም ይሁን። ሥራህ ይቃናልህ።" አማኝ የሆነ ሰጪውን ቢጠራ ልምምዱን አያበላሽበትም። በአንድ ትንፋሽ አንድ ሐረግ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት አራት ደቂቃ።

ከመረጣችሁት ወገን የምታስገቡት ሰው አንድ፣ መልኩን የምታውቁት ሰው ይሁን፤ የገበያዋ ሴትዮ ትሁን እንጂ "ሸክላ ሠሪዎች" በጅምላ አይሁኑ። ቦታዋ ክፉም ደግም ስሜት በማይሰጠው ሰው ተራ ነው። ምርቃቱ አልወጣ ካላችሁ ወደ ወዳጃችሁ ተመለሱ፣ ሞቅ ሲላችሁ እንደገና ወደ እሷ ኑ። መመላለሱ ሽንፈት አይደለም፤ የቡድሃጎሳም ምክር ይኸው ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፦ "አዬ ምስኪን!" ማለት። ማዘን ይመስላል፤ ግን ከላይ ወደ ታች ነው፣ ያው ማና። መለያው ቀላል ነው፤ ሴትዮዋ ነገ ባለ ሱቅ ሆና መኪና ብትነዳ ደስታችሁ ይቀጥላል? ካመነታችሁ ሙዲታን ጨምሩ፤ በሌላው መሳካት የመደሰት ልምምድ ነው። "ያገኘሽው አይጉደልብሽ" በሉ። ለብዙዎቻችን ይህ ከሜታው ይከብዳል።

7. ከመቀመጫው መነሳት

ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 መገናኘት ቅድመ ፍርድን የሚቀንሰው ሰዎቹ በእኩል ደረጃ ሲሆኑ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ሲተባበሩና መገናኘታቸውን የበላይ አካል ሲደግፈው ነው ብሎ ጽፏል። የገዢና የሻጭ ግንኙነት ይህን አያሟላም፤ አሥር ዓመት ጀበና ብትገዙም ንቀቱ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። እድር፣ ዕቁብ፣ የወላጆች ኮሚቴ፣ አብሮ መሥራት ያሟላል። እድራችሁ ውስጥ ከእነዚህ ቤተሰቦች ስንቱ አባል ነው? ከሌሉ ለምን? ጥያቄውን ስብሰባ ላይ ማንሳት ከስድስት ወር ሜዲቴሽን በላይ ይሠራል። ከተቻለ ደግሞ ከፍላችሁ ሙያውን ተማሩ፤ እሷ መምህር፣ እናንተ ጭቃው የሚበላሽባችሁ ተማሪ።

ሰውየውን ግን የመለማመጃ ዕቃ አታድርጉት። "ስለ እናንተ ያለኝን ንቀት እያስወገድኩ ነው" ብሎ መንገር ለእሱ ምንም አይጠቅመውም።

ምን ያህል ጊዜ?

እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ለ6 ሳምንት ሜታ የተለማመዱ ሰዎች በጥቁሮችና ቤት በሌላቸው ሰዎች ላይ የነበራቸው ሳይታወቅ የሚሠራ አድልዎ ቀንሷል፤ ስለ ሜታ የተወያዩት ብቻ ግን አልቀነሰላቸውም። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሰፊ ጥናት እንዲህ ያለውን አድልዎ ለመቀነስ የሚያገለግሉ 9 አጫጭር ዘዴዎችን ፈትሾ ሁሉም ወዲያው ሲሠሩ፣ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ግን ውጤታቸው ሲጠፋ አግኝቷል። ስለዚህ አንድ ቀን ተቀምጦ ቀለል ያለው ሰው ተለወጥኩ አይበል። የሚቆጠረው የእጅ መዘግየቷ ነው፤ ቆሎውን ወሰዳችሁ ወይስ አልወሰዳችሁም?

መቀመጥ ብቻውን ሰውን ደግ አያደርግም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ700,000 በላይ የሮሂንጋ ሙስሊሞች ከምያንማር ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደዱ፣ ቡድሂስቶች በሚበዙባት በዚያች አገር ጥላቻ ከሚሰብኩት ውስጥ መነኮሳት ነበሩበት። ሜታን በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ንግግር፣ ስትሳሳቱም

ቀና ንግግር ቡድሃ ካስተማረው ባለ ስምንት ክፍል መንገድ አንዱ ክፍል ነው፤ ከውሸት፣ ሰው ከሚያለያይ ወሬ፣ ከሻካራ ቃልና ከከንቱ ልፍለፋ መታቀብ ነው። ቡና ላይ ቀልዱ ሲመጣ ስብከት አያስፈልግም። አለመሳቅ ይበቃል፤ ቢበዛ "ይሄ ለኔ አላሳቀኝም" ማለት። ታላቅ ሰው ከሆነ የተናገረው "እትዬ፣ እርስዎ ግን በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?" ብሎ በለሰለሰ ድምፅ መጠየቅ ክፉ ቃል ሳይወጣ ወሬውን ያቆመዋል።

አምልጧችሁ ከተናገራችሁ ደግሞ በዚያው ቀን "ያልኩት ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ" በሉ። ምክንያት አትደርድሩ፣ ስለ ልምምዳችሁ አታውሩ፣ የተጎዳው ሰው እናንተን ማጽናናት እስኪጀምር ድረስም አትቆዩ። ማታ ስትቀመጡ ቃሉ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ስሜት አስታውሱና ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሩ።